ደንቡ አደጋውን ይጥቀስ

አቅራቢ ሀ፦ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ጉዳያችን ወሎ ውስጥ ካለው ከቦሩ ሜዳ ይነሳል። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚያ ጉባኤ ጠርተው ሃይማኖት በአዋጅ የተወሰነበት፣ የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ የታዘዙበት ዘመን ነው። ስለዚህ እዚህ አገር «ሂጃብሽን አውልቂ» ማለት ቀላል ትእዛዝ አይደለም። ግን ኮምቦልቻ ውስጥ በፈትልና በሽመና ማሽን አጠገብ የፋብሪካ አለቃ ምን ያድርግ? ማሽን እኮ ሃይማኖት አይለይም።

አቅራቢ ለ፦ አይለይም፤ የሚይዘው ግን የላላውን ጫፍ ነው። እንግዲያው ደንቡ «ሂጃብ ክልክል ነው» ከሚል «የተንጠለጠለ ጫፍ ክልክል ነው» ይበል። ጫፉ ከቱታው ሥር የገባ ጥብቅ ሂጃብ ያልፋል፤ ማተብም ልብስ ውስጥ ይገባል፤ የላላ ሻሽ ያሰረችውም እኩል ትጠየቃለች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 እምነትን መግለጽን ይጠብቃል፤ ለሕዝብ ደህንነትና ጤና ሲባል ግን በሕግ ሊገደብ ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ም የአደጋ መከላከያ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል።

አቅራቢ ሀ፦ «ለየእምነቱ ደንብ ካወጣን ሥራ ይቆማል» የሚሉህ አሉ።

አቅራቢ ለ፦ ደንቡማ አንድ ነው፤ የሚለየው አፈጻጸሙ ነው። የማይታለፍ አደጋም አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት፣ እንግሊዛዊት ነርስ የአንገት መስቀሏን በሥራ ላይ እንዳታደርግ መከልከሏን በደህንነት ምክንያት ተቀበለ፤ በዚያው ፍርድ ግን ለድርጅት ገጽታ ሲባል የተከለከለችው የአየር መንገድ ሠራተኛ ረታች። አለቃ ከመከልከሉ በፊት አደጋውን ያስረዳ፣ አማራጩንም ከሠራተኞቹ ጋር ይሞክር።