አበባውን ስናሳይ ዘሩን አንርሳ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የገንዘብ ያዣችንን ሒሳብ ሰምታችኋል፤ የድንኳኑንም ጉዳይ ጨርሰናል። እኛ ደግሞ ስለ አበባ እንድንናገር ታዘናል። «እድርንና አበባን ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። ጥቂት ታገሡን፣ መገናኛው ይመጣል። ዕድሜያችንን ሁሉ ደብዳቤ ስንጽፍና መዝገብ ስናገላብጥ የኖርን ጸሐፊ ነን እንጂ የእርሻ ትምህርት የለንም፤ የምንናገረው በጓሯችን ያየነውን ነው።

እንደምታስታውሱት አምና በዚሁ ስብሰባ ላይ የአበባ ማሳያ አድርገን ነበር። ሽልማቱም ብዙ አበባ ላመጣ ቤት ይሰጥ አልን። ምን ሆነ? ልጆቻችን በማለዳ ወደ ተረተሩ ወጡና አደይ አበባውን ከነሥሩ እየነቀሉ በእቅፍ በእቅፍ አመጡት። እኛም አጨበጨብን፣ ሸለምን። ማታውን ጠወለገ፣ በማግስቱ ለከብት ተጣለ። ዘንድሮ መስከረም ሲጠባ ያንን ተረተር ብናየው ቢጫው ከዳር ከዳር ብቻ ነው። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ ደንቡን ያወጣነው እኛ ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አደይ አበባ በያመቱ ከዘር የሚበቅል ነው እንጂ እንደ ጽጌረዳ ከግንዱ የሚያቆጠቁጥ አይደለም። ክረምቱ ሲወጣ ያብባል፣ ዘሩን ያራግፋል፣ ይደርቃል። ዘሩን ሳያራግፍ የተነቀለ ለከርሞ ልጅ የለውም። ተረተሩ ሲታረስና ባሕር ዛፍ ሲተከልበት ቦታው ይጠበዋል፤ በዚያ ላይ ነቀላ ሲጨመርበት ምን ይተርፋል? ቀፎ ያላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የጥቅምትና የኅዳር ማር የሚገኘው ንቧ አደይ አበባን ቀስማ ነው።

ስለዚህ የማሳያው አበባ ከየጓሯችን ይሁን ተባብለን ዘንድሮ ጥቂት ቤቶች ኮስሞስ ዘራን። ዛሬ ከድንኳኑ በር በጣሳ ተደርድሮ ያያችሁት፣ ቅጠሉ እንደ እንስላል የቀጠነው፣ አበባው ነጭ፣ ሮዝና የወይን ጠጅ ቀለም ያለው እሱ ነው። አገሩ ሜክሲኮ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1791 ካቫኒዬስ የሚባሉ የስፔን ቄስና የዕፅዋት ሊቅ ናቸው ኮስሞስ ብለው የሰየሙት። ይሁን እንጂ ለኛ ፍጹም ባዕድ አይደለም፤ ከአደይ አበባችን፣ ከኑጋችንና ከሱፋችን ጋር በአንድ ወገን የሚቆጠር ነው። ከሁሉም ይልቅ ለአደይ አበባ ይቀርባል።

ዘሩን ያገኘነው ከአንዲት እናታችን ነው። ብዙ ዓመት በጓሯቸው ሲያበቅሉት ኖረው፣ ግንቦት ላይ በጨርቅ ቋጥረው ለየቤታችን አደሉን። «መሬቱን አታጥግቡት» ብለውን ነበር። እኛ ግን አልሰማንም። «ፍግ ያልበላ ምን ያድጋል?» ብለን መደቡን በፍግ ሞላነው። ኮስሞሱ ሰው አክሎ ቆመ፤ ቅጠል ብቻ! የነሐሴ በረዶ በአንድ ሌሊት አጋደመው። ፍግ ሳይደርሰው ከአጥሩ ጥግ ጭንጫ ላይ የበቀለው ግን ከጉልበት ትንሽ አልፎ አበባ በአበባ ሆነ። ለሌላው ሰብል ድካ የሚሆነው ለዚህ ጥጋብ ነው።

ለከርሞ ለምትዘሩ የምንመክረው ይህን ነው። ለዚህ ስብሰባ እንዲደርስ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሰኔ መጨረሻ ይዘራ፤ አገራችን ደጋ ነውና ከሁለት ወር በላይ ይፈልጋል። ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ይመረጥ። የክረምቱ ውኃ እንዳይተኛበት መደቡን ከፍ አድርጉ። ዘሩን በስሱ አፈር ሸፍኑት፤ ሲበቅል በመካከሉ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል እየተዋችሁ አሳሱት። አንድ ክንድ ሳይሞላ ጫፉን ቀጠፍ ብታደርጉት ይቀረነፋል፣ አበባውም ይበዛል። በረዶና ነፋስ እንዳይጥለው ከጎኑ ጭራሮ ትከሉለት። ክሽክሽ ከወጣበት በውኃ እጠቡት፤ መድኃኒት አትርጩ። በአበባ ላይ የተረጨ መርዝ ንብ ይገድላልና የጎረቤታችንን ቀፎ ባዶ እናስቀራለን።

አሁን መገናኛው ጋ ደረስን። እኒያ እናታችን በዚሁ በመስከረም ወር እንዳረፉ ታውቃላችሁ፤ ሁላችንም ሸኝተናቸዋል። እድራችን እንደ ልማዱ የፕላስቲክ ጉንጉን ገዝቶ ነበር። ጎረቤታቸው ደግሞ ከገዛ ጓሯቸው ኮስሞስ ቆርጣ መጥታ ከሣጥኑ ላይ አኖረችው። በዚያን ጊዜ የተገዛውን ጉንጉን ቀና ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። እሳቸው በያመቱ ይኮተኩቱት የነበረው ራሱ ሸኛቸው።

ጓሯቸው አሁንም አብቦ ቆሟል። ቤቱ ግን ሊከራይ ነው፤ ተከራዩም ድንች ቢተክልበት አይፈረድበትም። የኛው ኮስሞስ በረዶ ስለጣለው ብዙ ዘር አይሰጥም። የጉና ውርጭ በኅዳር ወርዶ ሳያቃጥለው ዘሩ ካልተሰበሰበ፣ የእናታችን አበባ ከሳቸው ጋር ተቀበረ ማለት ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ ወራሾቹን አስፈቅደን በጥቅምት መጨረሻ፣ ፀሓይ ባለበት ቀን፣ ጥቁር መርፌ የመሰለውን የደረቀ ዘር እንልቀም፤ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ የተለቀመበት ቀን ተጽፎበት በእድሩ ሣጥን ይቀመጥ። ላስቲክ ውስጥ አይሁን፣ ይሻግታል። ሁለተኛ፣ አደይ አበባን ለደመራም ለእንቁጣጣሽም የፈለገ ቆርጦ ይውሰድ እንጂ ከነሥሩ አይንቀል፤ ከሦስት እጅ ሁለቱን ለዘር ይተው። ሦስተኛ፣ የከርሞው ሽልማት ለእቅፍ ብዛት አይሁን፤ በጓሮው አብቅሎ፣ አሳይቶ፣ ለጎረቤትም ዘር ላካፈለ ቤት ይሁን።

ገንዘብ አልጠየቅናችሁም፤ መዋጮም አይጨመርም። ጸሐፊነቱ ለምዶብናልና የዘሩን መዝገብ እኛ እንይዛለን። እጃችሁን በማውጣት ወስኑልን።

እናታችንን ነፍስ ይማርልን።