ሎሚው ላይ ያገኘነው ትል

ባለፈው አንዷ እህታችን «ልጁ ቀኑን ሙሉ ታብሌት ላይ ነው፤ ስወስድበት ይጮኻል፣ ሲጮኽ ማዳም እኔን ትቆጣለች፣ ምን ላድርግ?» ብላ ስትጠይቅ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ «ቢራቢሮ አሳዪው» አልኩ። ሳቃችሁብኝ። ከዚያ ግን «እስቲ ተዘጋጅተሽ ንገሪን» አላችሁኝ። እኔ መምህር አይደለሁም፤ የተማርኩት እስከ አስረኛ ክፍል ነው። የምናገረው በእጄ የሠራሁትን ነው፤ ያበላሸሁትንም ጭምር።

ደማም በነበርኩበት ቤት ልጆቹ አድገው ስለነበር ሥራዬ ወጥ ቤትና ጽዳት ብቻ ነበር። አሁን ያለሁት ኮበር ነው። እዚህ አራት ዓመት የሆነው ወንድ ልጅ አለ፤ ትንሹ እንበለው። ስመጣ ታብሌቱ ፊቱ ካልተደቀነ አንድ ጉርሻ አይውጥም ነበር።

ሆሹ ውስጥ በትልቅ የአበባ መትከያ ያለ ሎሚ አለ። መጋቢት ላይ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ውሃ ሳጠጣው ቅጠሉ ዳር ዳሩን ተበልቷል። አንዱ ቅጠል ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ነገር አየሁና ልጠርገው ስል ተንቀሳቀሰ። ወዲያው አወቅኩት። ወሎ፣ እናቴ ጓሮ ያለው ሎሚ ላይም እንዲህ ያለ ትል ነበር። ትንሽ ሳለ የወፍ ኩስ የሚመስለው ወፍ እንዳይበላው ነው፤ ሲያድግ አረንጓዴ ሆኖ ከቅጠሉ ጋር ይመሳሰላል። የዚህ አገሩና የእኛ አገሩ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም በመጨረሻ ጥቁር ሆነው ቢጫ ነጠብጣብ ያለባቸው ትልልቅ ቢራቢሮዎች ይሆናሉ።

ትንሹን ጠራሁት። «ዱዳ!» ብሎ ጮኾ ሸሸ። ዝም አልኩት። ቀስ ብሎ ተመለሰ። ትሉን በስንጥር ነካ ሳደርገው ከራሱ በላይ ሁለት ብርቱካናማ ቀንዶች ብቅ አደረገና ሸተተን። ጠላት ሊያባርርበት ነው እንጂ አይናከስም። ትንሹ ሳቀ፤ «ድገሚው» አለ። «ይበቃዋል፣ ይደክመዋል» አልኩት። ያን ቀን ታብሌቱን የጠየቀው ከመግሪብ በኋላ ነው።

ፈቃድ መጠየቅ ግን አትርሱ። ትል ቤት አስገባች ከተባልን ነገሩ ሌላ ነው። እኔ «ሆሹ ላይ ብቻ፣ እጁንም አስታጥበዋለሁ» ብዬ ነው የጠየቅኩት። ማዳም ፊቷን ብታኮሳትርም እሺ አለች።

ከዚያ ትሉ ሲያድግ እየጠበቅን ወጥ ቤት ባለው ነገር መሥራት ጀመርን። ገንዘብ አያስፈልገውም። የእንቁላል ካርቶን በቁመቱ ስትቆርጡት አንዱ መስመር ራሱ ትል ይሆናል። ካርቶን ላይ አራት ቦታ ከፋፈልንና፣ ለእንቁላሉ ሩዝ፣ ለትሉ ጥምዝምዙን መኮሮኒ፣ ለሦስተኛው የዛጎል ቅርጽ ያለውን፣ ለቢራቢሮዋ ፋርፋሌ የሚሉትን ፓስታ ለጠፍን። ፋርፋሌ ማለት ራሱ በጣሊያንኛ ቢራቢሮዎች ማለት ነው። ሙጫው ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ እሳት ላይ የወፈረ ነው፤ ልጁ አፉ ቢከትም አያስፈራም። ለአራት ዓመት ልጅ ዶቃና መርፌ አትስጡ።

የአሜሪካን ቡና ማጥለያ ወረቀት ካለ ደግሞ በእስክሪብቶ ቀለም ያቅልመው፣ ከዚያ ውሃ ጠብ ጠብ አድርጉበት። ቀለሙ እርስ በርሱ ሲገባ ልጁ አፉን ይከፍታል። ሲደርቅ መሀሉን በልብስ ማስጫ መቆንጠጫ ያዙት፤ ክንፍ ሆነ። ወረቀት አጥፋችሁ በአንድ በኩል ብቻ ቀለም ቀብታችሁ ብትጫኑትም፣ ስትከፍቱት ሁለቱ ክንፎች አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ልደት ላይ ሲነፉት የሚዘረጋው፣ ሲተዉት የሚጠቀለለው ወረቀትስ? የቢራቢሮ ምላስ እንደዚያ ነው። ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ አበባ ስታገኝ ይዘረጋል። ጭማቂውን በስትሮ እየጠጣ «እኔ ፈራሻ ነኝ» ይለኝ ጀመር። ፈራሻ በእነሱ ቢራቢሮ ነው። ቢራቢሮ ጣዕም የምታውቀው በእግሯ ጭምር ነው ብዬ ስነግረው ግን ጫማውን አውልቆ እርጎ ውስጥ ቆመ። ያን ምንጣፍ ያጠብኩት እኔ ነኝ።

አሁን ያበላሸሁትን ልንገራችሁ። ትሉ ወፍሮ መብላት አቆመ፣ ቅርንጫፉ ላይ ራሱን በቀጭን ክር አሰረ፣ ቆዳውን ጣለና ደረቅ ቅጠል የመሰለ ነገር ሆነ። ይህን ደረጃ ትምህርት ቤት ሙሽሬ ይሉት ነበር። እኔ ድመት እንዳይበላው ብዬ ቅርንጫፉን ቆርጬ የቡና ጠርሙስ ውስጥ አጋደምኩት፤ ክዳኑንም በስቼ ዘጋሁት። ጠበብ ያለ ጠርሙስ ነው። በአስራ አንደኛው ቀን ንጋት ላይ ሳይ ቢራቢሮዋ ወጥታለች። ክንፏ ግን ተጨማዶ ደርቋል። ቢራቢሮ ስትወጣ ክንፏ እርጥብና የተጨማደደ ነው፤ ወጥታ ተንጠልጥላ ነው የምትዘረጋው። እኔ የምትንጠለጠልበት ቦታ አሳጣኋት።

ማዳም አየችና «ልጁ ሳይነሳ ጣያት፤ ሌሊት በረረች በይው» አለችኝ። ክፉ ሆና አይደለም፤ እንዳያለቅስ ብላ ነው። እኔ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። እህቶቼ፣ እኔ ከቤት የወጣሁት ልጄ ተኝታ ሳለ ነው። የሁለት ዓመት ተኩል ነበረች። «ሱቅ ሄዳ ነው፣ ትመጣለች» አሏት። እህቴ ቆይታ ነው የነገረችኝ፣ ልጄ ብዙ ቀን ደጃፉ ላይ እየተቀመጠች ሱቁን ስታይ ትውል ነበር። በረረች በይው ሲሉኝ እሱ ነው የመጣብኝ።

ማዳምን «እውነቱን ልንገረው፣ ካለቀሰ እኔ አባብለዋለሁ» አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች። ነገርኩት። «ቤቷን ያጠበብኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩት። አለቀሰ፤ በጣቱ ክንፏን ሊያቃና ሲል ያዝኩት፤ ክንፍ ላይ ያለው ዱቄት የሚመስለው ነገር ጥቃቅን ቅርፊት ነው፣ ሲነኩት ይረግፋል። ከዚያ ስኳር በውሃ በጥብጠን ጥጥ ላይ አደረግንላት። እግሯ ጥጡን ሲነካ ምላሷን ዘረጋች። «ትጠጣለች!» አለ። አራት ቀን ኖረች። ከሎሚው ሥር እሱ ራሱ ቀበራት።

ሁለተኛውን ትል ቅርንጫፉ ላይ እንዳለ ተውነውና የአሮጌ መጋረጃ መረብ አለበስነው። አንድ ጠዋት ወጣች፤ ክንፏን እስክታደርቅ ከቁርስ በፊት ጀምሮ ጠበቅናት። ልጁ ያለ ታብሌት ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጠ። መረቡን ሲያነሳው አጥሩን አልፋ ሄደች።

ማዳም ከዚያ በኋላ ስለተራበው ትል የሚተርከውን የታወቀ የልጆች መጽሐፍ ገዛችልን። ኤሪክ ካርል የሚባል ሰው በ1969 በፈረንጆች ያወጣው ነው። ሥዕሉ ደስ ይላል፤ ግን ትሉ ዙሪያውን ቤት ሠርቶ ገባ ይላል። እንዲያ በክር ቤት የሚሠራው የእሳት እራት ወገን ነው፤ እኛ አገር ጉሎ ቅጠል እየበላ ሐር የሚሰጠው ትል ዓይነት። ሎሚው ላይ ያለው ግን ቤት አይሠራም፤ ቆዳውን ሲጥል ሙሽሬው ከሥሩ ነው ያለው። ትንሹ ይህን ለእናቱ አስረዳት። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እየሰማሁ ሽንኩርት እከትፋለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መንገድ ዳር ባለው አሸዋ ላይ የሚበቅለውን፣ ዑሸር የሚሉትን ሰፊ ቅጠል ታውቁታላችሁ። እሱም ላይ ነጭ፣ ጥቁርና ቢጫ ቀለበት ያለበት የሚያምር ትል አለ። ከሩቅ አሳዩ እንጂ ተክሉን አትንኩ፣ ልጁም አይንካ። ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት መርዝ ነው፣ ዓይን ይጎዳል። ልጁ ዓይኑ ቢያብጥ ማን እንደሚጠየቅ አልነግራችሁም።

ኮርኒሽ ስትሄዱም ብርቱካናማ ሆና የክንፏ ጫፍ ጥቁር፣ እሱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያላትን ፈልጉ። የእሷ ወገን ከሰሃራ በታች ካለው አፍሪካ ተነስቶ በረሃውንና ባሕሩን እያቋረጠ አውሮፓ ይደርሳል፣ ኢቃማ ሳይጠየቅ። ግን ሄዶ መመለሱ በአንድ ዕድሜ አያልቅም፤ የሚመለሱት ልጆቿና የልጅ ልጆቿ ናቸው።

በመጨረሻ የሠራነው የእጅ ቢራቢሮ ነው። የልጁን ሁለት እጅ ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ዙሪያውን በእርሳስ ትስላላችሁ፤ ትቆርጡና ክንፍ ታደርጉታላችሁ። የትንሹን ስቆርጥ ልጄ ትዝ አለችኝ። አሁን ሰባት ዓመቷ ነው። እህቴን «እጇን ሳዪና ፎቶውን ላኪልኝ» አልኳት። ግን ስልክ ላይ የእጅ ልክ አይታወቅም። «አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም አድርጊበት» አልኳት። ከአገር ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ የቀረ አንድ ብር ሳንቲም ነበረኝ። ስልኩ ላይ ያለው ሳንቲም የእኔን ሳንቲም እስኪያክል ፎቶውን አተለቅኩት፣ ስስ ወረቀት ደርቤ ዙሪያውን ሳልኩ። የመኝታ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ሁለቱን ቢራቢሮዎች ጎን ለጎን ለጥፌያቸዋለሁ። የእሷ መሀል ጣት ከትንሹ ጣት በአንድ ጥፍር ይረዝማል።