ስለ ተፈጥሮ ጋዝ ለመቱና ለኢሉባቦር ከተሞች መምህራን የተነገረ ቃል



ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የሞቱ ዕፀዋትና ጥቃቅን ፍጥረታት በጭቃና በድንጋይ ተሸፍነው፥ ክብደትና ሙቀት ሲጫናቸው፥ ከፊሉ የድንጋይ ከሰል፥ ከፊሉ ዘይት፥ ከፊሉም ጋዝ ሆነ። በያዩ ምድር ያለው የድንጋይ ከሰል የዚህ ጋዝ ዘመድ ነው። ጋዙን ጠጣር ድንጋይ እንደ ክዳን ሆኖ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ጥልቅ ጕድጓድ ቈፍረው፥ በቧንቧ አውጥተው፥ ውሃውንና እድፉን ለይተው ያጠሩታል።

በኢትዮጵያ፥ በኦጋዴን፥ ካሉብ በተባለው ስፍራ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ተገኘ፤ የማምረቻው የመጀመሪያ ክፍል ግን የተመረቀው በመስከረም 2018 ዓ.ም. ነው። ጋዙ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ያህል ሲቀዘቅዝ ፈሳሽ ይሆናል፤ ስፋቱም ከ600 እጅ ወደ አንድ እጅ ስለሚያንስ በመኪና ይጫናል።

በመቱና በጎሬ ቤቶች በብረት ዕቃ ተሞልቶ የሚገባው ቡታጋዝ ግን ሌላ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ከአየር ይቀላልና ወደ ላይ ይወጣል፤ ቡታጋዝ ይከብዳልና በወለል ላይ ይተኛል። ሽታው በተሰማ ጊዜ ክብሪት መጫር፥ መብራት ማብራትም ማጥፋትም አይገባም፤ መዝጊያውን ዘግቶ፥ በርና መስኮት ከፍቶ መውጣት ነው። ቡታጋዝ የቡናውን ጥላ ዛፍ ከምሳር ያድናል፤ ጠባዩን ያላወቀውን ግን ያቃጥላል። ስለዚህ ይህን ትምህርት ከልጆች ጋራ እናቶችም ይስሙት፤ እሳቱን የሚያነዱት እነርሱ ናቸውና።