«ሳይሆን አይቀርም» ለማለት የሚያበቃን ምንድን ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



 ከእኛ በፊት የተናገሩት ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ በሰፊው ስላስረዱ፤ እኛ ያንኑ ደግመን አናሰለቻችሁም። የመረጥነው ርእስ ከእንግሊዝኛ ሰዋስው የተገኘ ነው። ይኸውም በዓይናችን ስላላየነው ያለፈ ነገር ስንገምት የምንጠቀምባቸው ረዳት ግሦች ናቸው። «ለበዓል ቀን ሰዋስው ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ጥቂት ቢታገሡን፤ ነገሩ ከሰዋስው አልፎ እስከ ኅሊና የሚደርስ መሆኑን እናስረዳለን።

በቅድሚያ ከሰፈራችን እንጀምር። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንመጣ፤ ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶችና አባቶች ከመካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን በኩል ሲመለሱ እናያለን። ሲያስቀድሱ አላየናቸውም። ነገር ግን ቀኑ የአቦ ቀን ነው፤ ነጠላቸውን አጣፍተዋል፤ የሚመጡትም ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ነው። ስለዚህ «ሳያስቀድሱ አልቀሩም» እንላለን። እንግሊዞች እንዲህ ላለው ግምት «መስት ሀቭ» የሚለውን ይጠቀማሉ።

በሌላ ቀን ደግሞ ከቤታችን ስንወጣ አስፋልቱን ረጥቦ እናገኘዋለን። «ሌሊት ዘንቦ ይሆናል» እንላለን። ይሁን እንጂ የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ፤ ወይም መኪናውን ያጠበ ሰው ውሃ አፍስሶ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ከአንድ በላይ ሊሆን ስለሚችል፤ እንግሊዝኛው «ሜይ ሀቭ»፤ «ማይት ሀቭ» ወይም «ኩድ ሀቭ» ይላል። ቀና ብለን ስንመለከት የቤቱ ቆርቆሮ ደረቅ ከሆነ፤ የግቢውም አፈር ገና አቧራ ከሆነ፤ «ዘንቦ ሊሆን አይችልም» እንላለን። ይህ ደግሞ «ካንት ሀቭ» ነው። እንግዲህ ሦስቱ ደረጃዎች እነዚህ ናቸው፤ ሳይሆን አይቀርም፤ ሊሆን ይችላል፤ ሊሆን አይችልም።

አሠራሩ ቀላል ነው። በመጀመሪያ ረዳት ግሡ፤ ቀጥሎ «ሀቭ»፤ በመጨረሻ ሦስተኛው የግሥ ቅርጽ ይመጣል። «ጎ፤ ዌንት፤ ጎን» እያልን ከሸመደድነው ውስጥ የሚፈለገው «ጎን» ነው። ስለዚህ «ሺ መስት ሀቭ ጎን» ማለት «ሳትሄድ አልቀረችም» ማለት ነው። ባለቤቱ «ሂ» ወይም «ሺ» ቢሆን እንኳ «ሀቭ» ወደ «ሀዝ» አይለወጥም። ብዙዎቻችን በፈተና ነጥብ ያጣነው በዚህ ነው። ሁለተኛው ስሕተታችን የ«መስት ሀቭ» አፍራሽ «መስት ኖት ሀቭ» ይመስለን የነበረው ነው፤ በእንግሊዞች ዘንድ የተለመደው ግን «ካንት ሀቭ» ነው። ሦስተኛው ስሕተት ከራሳችን ቋንቋ የሚመጣ ነው። በአማርኛ «መሄድ ነበረባት» ስንል፤ ግዴታ ሆኖባት ሄደች ማለት ሊሆን ይችላል፤ መሄድ ሲገባት ቀረች ማለትም ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛው ግን ለፊተኛው «ሀድ ቱ»፤ ለኋለኛው «ሹድ ሀቭ» ብሎ ሁለቱን ይለያቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ያስገረመንን ነገር እንጥቀስ። «መስት» የሚለውን ቃል ገና በታችኛው ክፍል ሳለን ስንማር ትርጉሙ ግዴታ ነበር፤ «ዩ መስት ጎ» ማለት «መሄድ አለብህ» ማለት ነው ተባልን። ታዲያ የግዴታ ቃል እንዴት የግምት ቃል ሆነ? አማርኛውን ብንመረምር እኛም እንደዚሁ እናደርጋለን፤ «ሄዳ መሆን አለበት» እንላለንና። ነገሩን ስናስበው፤ በመጀመሪያው አነጋገር ግዴታው የወደቀው በሚሄደው ሰው ላይ ነው። በሁለተኛው ግን ግዴታው የወደቀው በተናጋሪው አእምሮ ላይ ነው። ማስረጃው አስገድዶኛል፤ ሌላ እንዳላስብ ከልክሎኛል ማለት ነው። እንግዲህ አእምሮውን የሚያስገድድ ማስረጃ ሳይኖረው ይህን ቃል የሚናገር ሰው፤ ሰዋስውን ቢያውቅም ቃሉን አላወቀውም።

ይህን ለማስረዳት ወደ አክሱም እንሂድ። በአክሱም ከቆሙትና ከወደቁት ሐውልቶች መካከል ትልቁ 33 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ክብደቱም 520 ቶን ያህል ይገመታል። ዛሬ በምድር ላይ ተሰባብሮ ተጋድሟል። እንዴት ወደቀ? አንዳንድ ሊቃውንት ሲያቆሙት ሳለ ወይም እንደ ቆመ ወዲያው ወድቆ ሊሆን ይችላል ይላሉ። በዚያ የነበረ ሰው ጽፎ ያስተላለፈልን ነገር ስለሌለ፤ ቃላቸው «ሜይ ሀቭ» ነው። ይህን የሚያህል ድንጋይ በጥቂት ሰዎች ጉልበት ብቻ ተጎትቶ ሊሆን አይችልም፤ ይህ «ካንት ሀቭ» ነው። ብዙ ሠራተኛ የሚያዝ ኃይለኛ መንግሥት ሳይኖር አልቀረም፤ ይህም «መስት ሀቭ» ነው።

በዚያው በአክሱም 24 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሌላ ሐውልት አለ። ስለ እርሱ ግን ግምት አያስፈልገንም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937 የሙሶሊኒ መንግሥት ወደ ሮም ወሰደው። በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ የዘረፈችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ ለመመለስ ግዴታ ገባች። ሐውልቱ ግን የተመለሰው በ2005፤ በእኛ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. ነው፤ በ2000 ዓ.ም.ም በቦታው ተተከለ። ስለዚህ ታሪክ «ወስደውት ይሆናል» የሚል ሰው ቢኖር ያጠፋል። የታወቀውን እንደማይታወቅ አድርጎ መናገር፤ ያልታወቀውን እንደ ታወቀ አድርጎ ከመናገር የማያንስ ስሕተት ነውና። «ወሰዱት» ነው የሚባለው። «ቀደም ብሎ መመለስ ነበረበት» ማለት ግን ይቻላል፤ እርሱም «ሹድ ሀቭ» ነው።

ሁለተኛው ምሳሌያችን ድንቅነሽ ናት። አጽሟ በአፋር ምድር ሐዳር በተባለው ስፍራ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ተገኘ። ዕድሜው 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው፤ የተገኘውም ከጠቅላላው አጥንቷ 40 በመቶ ያህሉ ነው። በ2008 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ጆን ካፕልማንና የሥራ ጓደኞቻቸው ስለ አሟሟቷ አንድ ጥናት አወጡ። አጥንቶቿን በልዩ ኤክስሬይ መርምረው፤ በተለይ የቀኝ ክንዷ አጥንት በትከሻዋ በኩል የተሰበረበትን ሁኔታ አይተው፤ ከረጅም ዛፍ ወድቃ እጇን ዘርግታ መሬቱን ለመመከት ሞክራ ነበር አሉ። ከፍታውንም ከ12 ሜትር በላይ አድርገው ገመቱት። ነገር ግን አጽሟን ያገኙት ዶናልድ ጆሃንሰንና ቲም ኋይት የተባሉት ሌላው ሊቅ ይህን አልተቀበሉም። በአፈር ውስጥ ብዙ ዘመን የኖረ አጥንት በክብደት ይሰነጠቃል፤ እንዲህ ያለው ስንጥቅ በሌሎች እንስሳት አጥንት ላይም፤ ከዛፍ ወጣ በማይባለው በዝሆን አጥንት ላይ እንኳ ይታያል የሚል ነው ክርክራቸው። እንግዲህ ተመልከቱ! አጥንቱ አንድ ነው፤ ስብራቱም አንድ ነው። ሊቃውንቱ የተለያዩት «ሳትወድቅ አልቀረችም» በሚለውና «ወድቃ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል» በሚለው መካከል ነው። ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በፊት ስለ ሞተች ፍጡር እንኳ ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገ፤ በሕይወት ስላለ ሰው ስንናገር ምን ያህል መጠንቀቅ ይገባን ይሆን?

ይህን ጥያቄ የምናቀርበው እንዲያው ለንግግር ማሳመሪያ አይደለም። ራሳችንን የምንከስበት ነገር ስላለን ነው።

አምና አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን ድንቅነሽን ለማየት ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ለመሄድ ተስማምተን፤ ለመኪና ኪራይ ገንዘብ አዋጣን። ገንዘቡ በፖስታ ተደርጎ በመምህር ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። በምሳ ሰዓት ሁላችንም ስንወጣ አንድ ጓደኛችን ብቻ በክፍል ቀረ። ስንመለስ ፖስታው የለም። በዚያን ጊዜ ማን እንደ ጀመረው አናውቅም፤ ምናልባት ሁላችንም ጀምረነው ይሆናል፤ «እርሱ ወስዶት መሆን አለበት» የሚለው ቃል ከወንበር ወደ ወንበር ተላለፈ። ፊት ለፊት የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም። ደብተር ማዋስ ተውን፤ ሲመጣ ወሬያችንን አቋረጥን፤ ከአጠገቡ ይቀመጥ የነበረውም ወንበሩን ለወጠ። እርሱም ነገሩ ገብቶት ዝም አለ። ዝምታውንም እንደ ማስረጃ ቆጠርነው።

በሦስተኛው ቀን የጠረጴዛው ሁለተኛ መሳቢያ አልከፈት ብሎ አውጥተን ስናየው፤ ፖስታው ከላይኛው መሳቢያ በስተኋላ ሾልኮ በሁለቱ መካከል ተቀርቅሮ ተገኘ። ገንዘቡ አንድ ብር እንኳ አልጎደለም። በዚያ ቀን በክፍል ለምን እንደ ቀረ ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው። ምሳ ይዞ ስላልመጣ፤ ስንበላ ከመካከላችን ላለመቀመጥ ብሎ ነበር የቀረው። እኛ ግን በአእምሯችን «ማይት ሀቭ» ብለን ሌላ ምክንያት አልፈለግንለትም።

ይቅርታ ጠየቅነው፤ «ይቅር ብያችኋለሁ» አለ። ነገር ግን ወደ ሙዚየሙ በሄድንበት ቀን አብሮን አልሄደም። ከመስተዋቱ ፊት ቆመን የድንቅነሽን አጽም ቅጅ ስናይ፤ ከመካከላችን ብዙ የተናገረ ሰው አልነበረም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የእንግሊዝኛ መምህራችን ይህንኑ ትምህርት ሊያስተምሩን «መስት ሀቭ» ብለው በሰሌዳው ላይ ሲጽፉ ክፍሉ ጸጥ አለ። መምህራችን ትምህርቱ የከበደን መስሏቸው ነበር።

አባቶቻችን በጥንት ዘመን ሌባ የሚፈልጉበት ሌባሻይ የሚባል ልማድ እንደ ነበረ ሰምተናል። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል፤ በገመድ ይዘው በመንደሩ ውስጥ ይከተሉታል፤ ልጁም ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ይህን ስንሰማ «እንዴት ያለ ድንቁርና ነው!» ብለን ስቀን ነበር። ዛሬ ግን አንስቅም። እኛ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ተምረን፤ በሁለት ቋንቋ አንብበን፤ ያለ መድኃኒትና ያለ ገመድ ያንኑ አድርገናልና። ልዩነቱ የእኛ ሌባሻይ አንድ ቃል መሆኑ ብቻ ነው።

ስለዚህ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ከእኛ በኋላ በእነዚህ ወንበሮች የምትቀመጡ፤ ስለ ማንም ሰው «ሳያደርገው አልቀረም» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር ራሳችሁን እንድትጠይቁ እንለምናችኋለን። አንደኛ፤ ያየሁት ምንድን ነው? የሰማሁትስ ምንድን ነው? ሁለተኛ፤ ይህ ነገር በሌላ ምክንያት ሆኖ ሊሆን ይችላል ወይ? ሦስተኛ፤ ባለቤቱን ራሱን ጠይቄዋለሁ ወይ? «ነገር ከሥሩ፤ ውሃ ከጥሩ» የሚለው ተረታችን የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ አንድ እንኳ መልስ ካገኛችሁ «መስት» የሚለውን ቃል ተዉት፤ «ማይት» ይበቃችኋል። አንዲት አጭር ረዳት ግሥ ናት፤ ነገር ግን ለአንድ ሰው መተንፈሻ ቦታ ትተውለታለች።

ያ ጓደኛችን ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከእኛው ጋር ተቀምጧል፤ ከእኛው ጋርም ይመረቃል። ይህን ታሪክ እንድንናገር ስንጠይቀው፤ «ስሜን ካልጠራችሁ ተናገሩት፤ ለሌላው ይጠቅማል» ብሎ ፈቅዶልናል። ስለዚህ ንግግራችንን የምንዘጋው በመጨረሻው ረዳት ግሥ፤ በ«ሹድ ሀቭ» ነው። እርሱ የግምት ቃል አይደለም፤ ጥፋቱን ያወቀ ሰው ቃል ነው።

ወንድማችን ሆይ፤ በዚያ ቀን ልንጠይቅህ ይገባን ነበር።