ስለ ዩባሪ ባቡር ጣቢያ የተደረገ ንግግር



ስለ ጃፓን ባቡር እንናገራለን ስንል ብዙዎቻችሁ ስለ ፈጣኑ የቶኪዮ ባቡር የምናወራ መስሏችሁ ይሆናል። እኛ ግን የመረጥነው በሰሜን፥ በሆካይዶ ደሴት ተራሮች መካከል የነበረውን የዩባሪን ትንሽ ጣቢያ ነው። ዓመቶቹን የምንቈጥረው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

በ1888 በዩባሪ ብዙ የድንጋይ ከሰል ተገኘ። በዓመቱ አንድ የከሰልና የምድር ባቡር ኩባንያ ተቋቋመ፤ በ1892ም ሐዲዱ ዩባሪ ገባ። ከሰሉ በፉርጎ እየተጫነ ወደ ሙሮራን ወደብ ይወርድ ጀመር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ባቡሩን የጠራው ከሰሉ ነው፤ ከተማዪቱን ያሳደጋት ደግሞ ባቡሩ ነው። በ1906 መንግሥት ሐዲዱን ከኩባንያው ወሰደ። በ1960 የከተማዪቱ ሕዝብ ከ100,000 በላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን አገሪቱ ወደ ነዳጅ ዘይትና ከውጭ ወደሚመጣ ርካሽ ከሰል ዞረች። ጕድጓዶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። በ1981 በአንደኛው በደረሰው አደጋ 93 ሰዎች ሞቱ፤ የመጨረሻውም በ1990 ተዘጋ። ሠራተኛው ቤተ ሰቡን ይዞ ወጣ።

ያን ጊዜ ጣቢያው ራሱ ሰው ፍለጋ ተነሣ። በ1985 ከማዕድኑ አጠገብ ተነቅሎ ወደ ከተማው መኻል መጣ። በ1990 እንደገና ተዛውሮ በበረዶ መንሸራተቻው ሆቴል ፊት ለፊት ተተከለ፤ አገር ጐብኚ ከሰልን ይተካል ተብሎ ነበርና። አልተካም። ማዘጋጃ ቤቱ ለመዝናኛ ቦታዎች ጭምር የገባበት ዕዳ ወደ 35 ቢሊዮን የን ደርሶ፥ በ2007 ከተማዪቱ መክሰሯ በይፋ ታወጀ። በ2020 በተደረገው ቈጠራ የተገኘው ሕዝብ 7,334 ብቻ ነው።

በ2016 ከንቲባው ራሳቸው፥ «ሐዲዱ ይዘጋ፤ በምትኩ ግን ለሕዝቡ የአውቶቡስ አገልግሎት እንዲቋቋም ኩባንያው ይርዳን» ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ኩባንያው 750 ሚሊዮን የን ለመስጠት ተስማማ፤ በ2019 የመጨረሻው ባቡር ሄደ።

በዚህ ነገር እርስ በርሳችን ተከራክረናል። ከመካከላችን አንዳንዶቹ፥ «የአባቶቹን ቤት በገዛ እጁ ያፈረሰ ሹም» ብለው ነቀፏቸው። እኛም መጀመሪያ እንዲሁ መስሎን ነበር። ነገር ግን ባዶ ባቡር ለክብር ሲመላለስ፥ ሐኪም ቤት መሄድ ያቃታት አሮጊት ምን ትጠቀማለች? ከንቲባው ሐዲዱን ለቀው መንገደኛውን ያዙ። የሚያሳዝነው ጥያቄው ከ120 ከሚበልጡ ዓመታት በኋላ መጠየቁ ነው።

ነገ ከመካከላችን ሐዲድ የሚዘረጋ መሐንዲስ፥ በጀት የሚፈርም ሹም ይወጣል። «ይህ መንገድ ምን ይጭናል?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። «ጭነቱ ሲያልቅስ በዚያ የሚቀረው ሰው በምን ይሄዳል?» ብሎ ገና ሐዲዱ ሳይዘረጋ የሚጠይቅ ግን ያስፈልጋል። ያ ሰው ከዚህ አዳራሽ እንዲወጣ እንመኛለን።