የዕድራችን የጠላ ዕቃ ጉዳይ

(በዓመታዊው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ድንኳኑም ወንበሩም ተሟልቷል፤ የቀረን የጠላ ዕቃ ነው። ለተዝካር በሁለት እንስራ የሚሆን ነገር የለምና «ጋን ይሰበራል፣ በርሜል እንግዛ» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እውነት ነው፣ ይሰበራል። ግን የትኛውን በርሜል ነው የምንገዛው?

እዚህ አዳማ የሚሸጠው ያገለገለ በርሜል ዘይት ይያዝበት ፀረ ተባይ ማን ያውቃል? ፕላስቲክ የያዘውን ይመጥጣል፤ በፈላ ውሃ ቢለቀለቅም አይለቅም። ዚንክ የተለበጠው ቆርቆሮማ አዲስም ቢሆን ይቅርብን። ጠላ ኮምጣጣ ስለሆነ ዚንኩን ያሟሟዋል፣ ጠጪውንም ያስመልሰዋል። በለቅሶ ላይ ሌላ ለቅሶ!

ጋን በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል፤ ፕላስቲክ እሳቱን አይችልም። ስለዚህ ድፍድፉ በጋን ይሁን እላለሁ። ከአንድ ትልቅ ሦስት መካከለኛ ይሻላል፤ አንዱ ቢሰበር ወይም ቢሆመጥጥ ሁለቱ ይተርፋሉ። አዲስ ጋን ሳይሟሽ ያንጠባጥባል፣ እስከ አፉ ከሞላም ሲፈላ ይገነፍላል፤ ይህንን እንኳ እናቶች ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ለማመላለሻ ብቻ፣ ለምግብ ተብሎ የተሠራ አዲስ ባለክዳን ፕላስቲክ ይገዛ።

ውሃውም አይረሳ። በወንጂ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ጥርስ የሚያበልዘው እሱ ነው፣ ማፍላትም አይቀንሰውም። መጥመቂያው ከአዋሽ ተጣርቶ ከሚመጣው ቧንቧ ይቀዳ።

ዋጋውን ኮሚቴው አጣርቶ ለሚቀጥለው ስብሰባ ያቅርብልን።