ባሕሩ የማን ነው? የፓላዋን ክፍለ ሀገር አስተዳደር፣ ሕዝብና ኢኮኖሚ



በፊሊፒንስ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኘው ፓላዋን በቆዳ ስፋት ከአገሪቱ ክፍላተ ሀገር ሁሉ ትልቋ ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 የሕዝብ ቆጠራ፣ ራሷን ችላ የምትተዳደረውን የፖርቶ ፕሪንሴሳን ከተማ ሳይጨምር፣ 939,594 ነዋሪዎች ነበሯት። የኑሯቸው መሠረት ዓሣ ማስገር፣ እርሻና ቱሪዝም ነው።

በ1991 የወጣው የአካባቢ መንግሥታት ሕግ፣ ማዕከላዊው መንግሥት ከተፈጥሮ ሀብት ከሚያገኘው ገቢ 40 በመቶው ሀብቱ ለሚገኝበት አካባቢ እንዲደርስ ደነገገ። ፓላዋንም ከጠረፏ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከሚገኘው የማላምፓያ የተፈጥሮ ጋዝ ይህንኑ ድርሻ ጠየቀች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2018፣ ሕግ በግልጽ ካላሰፋው በቀር የክፍለ ሀገር ግዛት ከየብስ አያልፍም ሲል ጥያቄዋን ሳይቀበል ቀረ።

የሕጉ ትርጓሜ ለአገር አንድነት የሚበጅ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሕይወቱ ከባሕር ጋር ለተሳሰረ ሕዝብ ግዛቱ በባሕር ዳር ያበቃል ማለት ቀላል ነገር አይደለም። በ2021 ክፍለ ሀገሯን ለሦስት የመክፈል ሐሳብ ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ መራጩ ውድቅ አደረገው። እንግዲህ ስለ የብሱ ክፍፍል ሕዝቡ ተጠይቆ መለሰ፤ ስለ ባሕሩ ሀብት ግን የወሰኑት ዳኞች ናቸው። ያልተማከለ አስተዳደርን ስናጠና ልንመረምረው የሚገባን ይህንን ልዩነት ነው።